ደኅና ናቸው የተባሉት

ሰዉ ሊያለቅስ ሳይሆን ሊያረጋግጥ ነበር የመጣው። ሴቶቹ አጎንብሰው ይገባሉ፤ "እግዜር ያጥናሽ" ይላሉ፤ ከዚያ ዐይናቸው ባዶውን አልጋ ፈልጎ ያገኘዋል። አዋጅ ነጋሪው ደምለው በንዳድ ሞተ ሲባል የመተማ ገበያተኛ "ማን አለ? እሱ ራሱ እንዳይሆን" ብሎ ስቆ ነበር። ሚስቱ አየሁሽ ይህን ሰምታለች። ከቀብሩ ወዲህ በቤቷ የፈሰሰው እንባ የራሷ ብቻ መሆኑ ግን ከሁሉ የባሰ አንገበገባት።

ደምለው ጥንት እንዲህ አልነበረም። ጥሊያን ሳይመጣ፣ ነጋሪት መትቶ "የጠፋ በሬ ተገኝቷል" ካለ በሬው ተገኝቷል። ሙስሊሙ ነጋዴም ክርስቲያኑ ገበሬም በቃሉ ያድር ነበር። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ማለት ይወድ ነበር። በኋላ የጠፋው ግን የሰው ልጅ ሆነ።

ጥሊያኖቹ ምሕረት አወጁ፤ ከበረሃ የገባ አርበኛ ጠመንጃውን አስረክቦ እርሻውን ይረስ ተባለ። ደምለው በየገበያው ለፈፈው፤ እሱን አምነው ብዙዎች ገቡ። የገቡት በሳምንቱ ከዐይን ጠፉ። እናቶች ሲጮኹ ደምለው እንደገና ነጋሪት መታ፤ "መንገድ ሥራ ተወስደዋል፤ ሁሉም ደኅና ናቸው" አለ። አንድም ሰው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ "ነገ ገበያ የለም" ሲል ሰዉ እህሉን ጭኖ ይመጣ ጀመር።

በሣልስቱ ጎረቤቷ ሰይዳ፣ የሱዳኖቹን ስስ የማሽላ እንጀራ ኪስራ ጋግራ መጣች። ሳህኑን እያስቀመጠች በጆሮዋ፣ አሮጊቷ እሜቴ አሰበች በመንገድ ላይ እንደሆነች ሹክ አለቻት። የአሰበች አንድ ልጅ አዛናው ያን የምሕረት አዋጅ አምነው ከገቡት አንዱ ነበር።

አሮጊቷ ገብታ ከፊቷ ተቀመጠች። አልረገመችም፤ አላለቀሰችም።

"አየሁሽ ልጄ፣ ባልሽ፣ ልጅሽ አዛናው ደኅና ነው ብሎኛል። ያን ይዤ፣ ተዝካሩንም ሳላወጣ፣ በር በሩን ሳይ አለሁ። ለወሬ ነጋሪ እንደሁ ጆሮዬን ነስቻለሁ። የዚህ ቤት ሐዘንተኛ ግን ትዋሸኛለች ብዬ አላስብም። ልጄ አለ ወይ?"

አየሁሽ ታውቃለች። ካወቀች ብዙም አልሰነበተችም፤ ደምለው ሊሞት ሲል ትኩሳቱ ጋብ ባለለት ጊዜ ነግሯታል። ጥሊያኖቹ በገቡት አርበኞች ላይ ጓንግ ወንዝ ዳር ሲተኩሱ ቆሞ አይቷል። አዛናው በስሙ ጠርቶታል። በማግስቱ ነጋሪቱን ሲሰጡት ፈራና መታው። ንገሪ አላላትም፤ አትንገሪም አላላትም። እውጠዋለሁ ብላ ነበር። አሁን ብትናገር ለባሏ አንድ ሰው እንኳ አያለቅስለትም። ዝም ብትል ይህች ሴት በር በሩን እያየች ትሞታለች።

"እሜቴ፣ መንገድ ሥራ አልሄደም" አለች። "ጓንግ ዳር ቀርቷል። ደምለው በዐይኑ አይቷል።"

"መቼ?"

"ደኅና ናቸው ብሎ ከመለፈፉ በፊት።"

ከሴቶቹ አንዷ ልትወጣ ነጠላዋን ሰበሰበች። አሰበችም ልትነሣ መሬቱን በእጇ ተመረኮዘች።

አየሁሽ ከሐዘንተኛው ቁርበት ላይ ተነሣች። አሮጊቷን ደግፋ በእሷ ቦታ አስቀመጠቻትና፣ ራሷ በሩ ሥር፣ ከለቀስተኞቹ ጫፍ ተቀመጠች። አሰበች ቀስ ብላ "አዛናው" አለች፤ ልጇን ከጓሮ እንደምትጠራ። ያኔ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ።

ደምለውን የጠራ አልነበረም። አየሁሽም "አዛናው፣ ወንድሜ" እያለች ከሴቶቹ ጋር ደረቷን መታች።