ለንጹሕ አየር ስንት ይከፍላሉ?

ኪየም በሃኖይ ከተማ ሃያ አራት ዓመት በሞተር ብስክሌቱ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ንያን ደግሞ ጠባቧ መንደራቸው ውስጥ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የጎረቤት ልብስ ትሰፋለች።

ከተማው የነዳጅ ሞተሮችን ከመሀል ሰፈሮች ለማስወጣት ባሰበበት ሰሞን፣ ቶዋ የምትባል ልጅ ጥናት ላይ ነኝ ብላ ቤታቸው መጣች።

«አጎቴ፣ አየሩ ንጹሕ እንዲሆን በወር ስንት ይከፍላሉ?»

ኪየም ሳቁ መጣ። «አየርም በኪሎ መሸጥ ጀመረ? ምንም ብለሽ ጻፊ።»

ንያን ባሏን ሰረቅ አድርጋ አየችና የእኔም እንደሱ ይሁን አለች። ቶዋ ቀጠለች፤ ባለፈው ወር በሳልና በትንፋሽ ማጠር ስንት ቀን ሥራ እንደፈታች ጠየቀቻት።

ንያን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «አሥራ አንድ።»

ኪየም የሚያውቀው ሁለቱን ብቻ ነበር። ልጅቷ ስትጠይቅ ስትጠይቅ የቀረውም ወጣ። ጠዋት ጠዋት እሱ ሞተሩን በር ላይ ሲያሞቅ ጭሱ ቤት ይገባል፤ እሷ ጓዳ ገብታ አፍንጫዋን በፎጣ ትይዛለች፤ ድምፁ ሲርቅ ነው የምትወጣው።

ቶዋ ስትሄድ ኪየም ሚስቱን «ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት።

«የምንበላው በሱ ነው። ጣለው ልበልህ?» አለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

በማግስቱ ኪየም ሞተሩን ሳያስነሳ፣ እየገፋ እስከ ዋናው መንገድ ወሰደው። ጎረቤቱ ሉዋን ቤንዚን አልቆበት መስሎት ቀለደበት።

«ሚስቴን ያማታል» አለው ኪየም፣ መግፋቱን ሳያቆም።

ሳምንት ሳይሞላ ሉዋንም ሞተሩን መግፋት ጀመረ።

ከተማው አሮጌ ሞተር ላስረከበ በባትሪ የሚሄደውን በቅናሽ እሰጣለሁ ሲል፣ ቅናሹ የዋጋውን ሲሶ እንኳ አልሸፈነም። ኪየም ግን የንያንን መድኃኒት፣ ሳትሰፋ የዋለችባቸውን ቀናትና ቤንዚኑን ደምሮ አየው። ምንም አልከፍልም ያለው ሰው ለካ በየወሩ ሲከፍል ኖሯል። ተመዘገበ፤ ቀሪውን በሁለት ዓመት ከፍሎ ሊጨርስ ተስማምቶ አዲሱን ሞተር ይዞ ገባ።

የንያን ሳል ጨርሶ አልጠፋም፤ የዋናው መንገድ ጭስ ገና አለና። ሥራ የምትፈታው ግን በወር ሦስት ቀን ቢሆን ነው። አንድ እሑድ፣ ለዓመታት ሞተር ላይ አልወጣም ስትል የኖረችው ሴት ከኋላው ወጥታ ወገቡን አቅፋ፣ ከተማው ውስጥ ወዳለው ምዕራብ ሐይቅ አብራው ሄደች። መንገዱን ሙሉ የሰፈሩን ወሬ አንድ ባንድ አወራችው። አዲሱ ሞተር አይጮህምና፣ ኪየም አንዲት ቃል አላመለጠችውም።