የበረኛው የቀን እንቅልፍ

በረኛው ጫማውን አውልቆ ባዶው መኝታ ክፍል ወለል ላይ ተጋደመ። "ዝም በሉ፤ ልሞክረው" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሚስቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ቤት የሚያሳያቸው ደላላ ከጎኗ ነው። ልቧ ውልቅ ብሏል። በዚህ ሳምንት እግሯ እስኪቀጥን ዞራ ካየቻቸው ቤቶች ይህ ሰባተኛው ነው፤ በስድስቱም ባሏ እንዲሁ ወለል ላይ እየተጋደመ የቀን እንቅልፍ ሞክሯል። ከጠዋት ልምምድ በኋላ ሁለት ሰዓት ካልተኛሁ ኳስ ከእጄ ያመልጣል ባይ ነው። አንዱን ቤት ውሻ፣ ሌላውን የአናጺ መጋዝ፣ ሦስተኛውን የጎረቤት ሕፃን አስጠላው። ሕፃኑ ከተወለደ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ አያልቅስ ነው የሚባለው?

"እህቴ፣ በመስኮቱ እዪልኝማ" አለ ደላላው በሹክሹክታ። "የክለቡ ሜዳ እዚሁ ከሥር ነው። አሰልጣኙ ሲያፏጭ ካልጋው ተነስቶ ይደርሳል።"

"እኔስ? የምሠራበት መድኃኒት ቤት የት እንደሆነ ታውቃለህ?"

"እሱ እንኳ... ትንሽ ራቅ ይላል።"

"ሁለት አውቶቡስ ነው! የልጄ ትምህርት ቤትም እዚያው ነው። ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ያበቃል።"

"እሽሽ!" አለ በረኛው ከወለሉ።

በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ክለብ ሲቀያይር ሦስት ጊዜ ዕቃ ጠቅልላ፣ ሦስት ጊዜ ሥራ ለቃ ተከትላዋለች። የአሁኑም ውሉ የአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ይህን ስትነግረው ከርማለች፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ሆነባት እንጂ።

"ስማ፣ ክለቡ ካምፕ ውስጥ አልጋ አለህ አይደል?" አለችው።

"አለኝ። ቤተሰብ ያለው ሰው ግን ምን ካምፕ ያስገባዋል?" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። "አሁን ዝም በይ፣ ሊወስደኝ ነው።"

ወሰደውም። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

የደላላው ፊት በራ። "ወደደው! በቃ እንፈራረም?"

"እንፈራረማለን፤ እዚህ ግን አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ቤት አለ ብለኸኝ አልነበር?"

"እሱማ አውራ መንገድ ዳር ነው። መኪናው ሲያጓራ ነው የሚውለው! እንዴት ብሎ ይተኛል?"

"ካምፕ ይተኛላ።"

ደላላው የተኛውን ሰው አየ፣ እሷን አየ፣ ስልኩን አወጣ። "ለአከራይዋ ስንት ሰው ነው ልበላት?"

"እኔና ልጄ" አለች ቦርሳዋን እያነገተች። "እሁድ እሁድ እንግዳ እንደሚመጣብን ንገራት።"

ከዚያም በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ እንቅልፉንማ አትነፍገውም።