ያደሳ አፍንጫውን የያዘ ዕለት

ስሜ ገሜዳ ነው። አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ግን ሰው የሚያውቀኝ በሱቄ ሳይሆን በሽምግልናዬ ነው። ልጅ ሲዳር፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ሽምግልና ሙያ ነው፤ ሙያውም ማሳመር ነው። ልጁ ሥራ ፈት ከሆነ "በግሉ ይሠራል" ይባላል። ጠጪ ከሆነ "ሰው ይወዳል" ይባላል። እንዲህ እያልኩ ያጋባኋቸው ሰዎች ዛሬ ወልደው ከብደው ስሜን ያነሳሉ። አንዳንዶቹ እየረገሙ ነው የሚያነሱት፣ ግን ያነሳሉ።

በዚህ ሙያዬ የተዋረድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያዋረደኝም ባዕድ ሳይሆን የእህቴ የከበደች ልጅ ያደሳ ነው።

ያደሳ ሠላሳውን አልፏል። አንድ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ያስተናግዳል። ሌላው ሕፃን እያለቀሰ ሲወለድ እሱ "እሺ" እያለ ሳይወጣ አልቀረም። ለአለቃው እሺ፣ ለእናቱ እሺ፣ ለእኔ እሺ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ጠጋ በል" ሲለው ተጠግቶ ተጠግቶ በመስኮት ሊወጣ ምንም አይቀረው። እንዲህ ያለውን ሰው ናዝራዊት ወደደችው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ሴት ልጅ የወደደችውን ለምን ወደድሽ ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ጀማሪ ነው።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ ጌታሁን የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ከሱፍና ከከረባት ውጭ ያያቸው የለም፤ ሲስቁም ያያቸው የለም። ጸሎታቸው ከመርዘሙ የተነሳ ምእመኑ ለጸሎት የጨፈነውን ዓይን ለእንቅልፍ ይጠቀምበታል ይባላል። ያደሳ ፌርማታ ላይ እሳቸውን ካየ ታክሲ ጀርባ ይደበቃል። ናዝራዊት ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ስታይ ቆይታ በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችው። "ያደስ፣ የራስህን ቃል ከአፍህ ሰምቼ አላውቅም። አባዬ ፊት ቀርበህ ሌላ ሰው ያቀበለህን ብቻ ደግመህ ከወጣህ፣ እሱ እሺ ቢል እንኳን እኔ እምቢ እላለሁ" አለችው። ይህንን ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው የነገረኝ። አንጀቴን በላው።

ሌላ ሰው ቢሆን መስታወት ፊት ቆሞ ይለማመድ ነበር። ያደሳ ግን ስልኩን ከፈተ። አንድ ፈረንጅ ሕልም ውስጥ ሆኖ ሕልም መሆኑን ማወቅ ይቻላል ይላል አሉ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ቀን ቀን በቆምክበት በተቀመጥክበት ሁሉ "አሁን በሕልሜ ነው ወይስ በእውኔ?" እያልክ ራስህን ትጠይቃለህ፣ ዙሪያህንም ትመረምራለህ። ነገሩ ልማድ ሲሆንብህ ተኝተህም ትጠይቃለህ። ሕልም መሆኑን ካወቅህ ደግሞ የፈለግኸውን ብትናገር ማን ይከለክልሃል? ያደሳ አቶ ጌታሁንን በሕልሙ ሊለማመድባቸው ቆርጦ ተነሳ። አባቶች "ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም" ይሉ ነበር፤ የእኛው ጀግና ሰው ፈርቶ ሊተኛ ነው።

መመርመሪያዎቹን ሲነግረኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ማብሪያውን ስትጫን መብራቱ እምቢ ካለ ሕልም ነው። ሁለት ሰዓት አይተህ ካልተስማሙ ሕልም ነው። አንዱን ነገር ሁለቴ አይተህ ከተለወጠብህ ሕልም ነው። አፍንጫህን ይዘህ፣ አፍህን ገጥመህ መተንፈስ ከቻልክ ሕልም ነው።

"አንተ፣ ይኼ ፈረንጅ ኮልፌ ኖሮ ያውቃል?" አልኩት።

"እንዴት ጋሼ?"

"መብራት እምቢ ያለበት ሁሉ ሕልም ከሆነ እኛ ሰፈር ነቅቶ የሚያውቅ ሰው የለማ!"

አልሰማኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ያደሳ ያለማቋረጥ ሕልም ላይ ነበር። ቤት ገብቶ ማብሪያውን ይጫናል፣ መብራት የለም፤ ሕልም ነው ብሎ ይደሰታል። የስልኩ ሰዓት ሦስት ይላል፣ የእናቱ የግድግዳ ሰዓት ዘጠኝ ይላል፤ የእኛንና የፈረንጁን አቆጣጠር ዕድሜውን ሙሉ ሲያቀያይር የኖረው ልጅ ቆሞ ያስባል። ሲሄድ የነበረ አጥር ሲመለስ የለም። ጠዋት የገዛው ሽንኩርት ማታ ዋጋው ሌላ ነው። "ጋሼ፣ ነገሩ ሁሉ እየተለወጠብኝ ተቸገርኩ" አለኝ። ሌላውን ሁሉ ትተህ በአፍንጫው ብቻ ተጠቀም አልኩት። መቼም ትንፋሽን በፈረቃ የሚያጠፋብን የለም።

ምክሬ ጥሩ ነበር፣ ሰው መሐል ግን አልሠራም። ጦር ኃይሎች ጋ ታክሲ ውስጥ ገብቶ አፍንጫውን ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ "እኔ ነኝ የምሸተው?" ብላ ተነሳችበት። ታክሲው ሙሉ ሰው ሰደበው። እሱም እሺ እያለ ወረደ። ከበደች ይህን ስትሰማ ሰው ፊት አፍንጫውን እንዳይዝ አስማለችው።

ልፋቱ ግን ከንቱ አልቀረም። አንድ ጠዋት ፊቱ በርቶ ሱቄ መጣ። በሕልሙ የአቶ ጌታሁን ሳሎን ገብቶ ማብሪያውን ሲጫን መብራቱ እምቢ አለ። ሕልም መሆኑን አወቀ! ሰውየውንም ዓይን ዓይናቸውን እያየ ያለውን ሁሉ ነገራቸው።

"ምን ብለህ?"

"እውነቱን ነዋ ጋሼ። አንድም ሳላስቀር።"

"በሕልምህ ከሆነ ግድ የለም" አልኩት። ይህን ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ እኔና ጎረቤታችን ጋሽ ኢብራር አቶ ጌታሁን ቤት ለሽምግልና ሄደን ነበር። ደንቡ በሚያዘው መሠረት የመጣንበትን ሳይሰሙ አንቀመጥም ብለን ቆመን፣ ልጁን አሳምሬ አቀረብኩት። የክፍል ኃላፊ ነው አልኩ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አለው አልኩ። ሃይማኖቱ ቢለይም እሑድ እሑድ ከእናንተ ቤተ ክርስቲያን ቀርቶ አያውቅም፣ ቃሉ ልቡን ነክቶታል አልኩ። ሌላ አባት ቢሆን ዘመድ ላማክር ብሎ ይቀጥረናል። አቶ ጌታሁን "እንጸልይበት" አሉ። ከዚያ ደግሞ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን ጨመሩ። "ስትመለሱ ልጁን ይዛችሁት ኑ።"

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነን ሄድን። መንገድ ላይ ያደሳን "እኔ እናገራለሁ፤ አንተ አንገትህን ደፍተህ አዎ ትላለህ" አልኩት። እሺ አለ። እሺ ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ኀዘን ግን ደስ አላለኝም። የናዝራዊት ቃል ትዝ ብሎታል።

በሩን የከፈቱልን ራሳቸው አቶ ጌታሁን ናቸው። ምን ለብሰው? ቱታ! ሰማያዊ ቱታና ነጠላ ጫማ። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ሱፋቸው አልተተኮሰም፤ ያልተተኮሰ ሱፍ ከመልበስ ቱታ ይሻላል የሚሉ ሰው ናቸው። ይህን ግን ኋላ ነው የሰማነው። ያደሳ ልክ ሲያያቸው ደንግጦ አፉን ከፈተ።

ሳሎኑ በመጋረጃ ጨልሟል። አቶ ጌታሁን ልማድ ሆኖባቸው "በሩ ጋ ያለውን ማብሪያ እስቲ ተጫነው ልጄ" አሉት። ያደሳ ተጫነ። መብራት የለም። ደግሞ ተጫነ። የለም። ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ።

ሶፋ ላይ ከተቀመጥን በኋላ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ተተክሎ ቀረ። በብዙ ሰው ቤት ያለው ያ የሚያብለጨልጨው ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከወዲህ ሲያዩት አንበሳ፣ ከወዲያ ሲያዩት በግ የሚሆነው። ያደሳ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል፣ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። እጁን ወደ አፍንጫው አነሳ። የእናቱ መሐላ ትዝ ሲለው መለሰው። ከዚያም ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ሕልሙን የነገረኝ ዕለት ሱቄ ውስጥ አይቼው ነበር።

እኔ ምን ላድርግ? ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። "እንግዲህ አቶ ጌታሁን፣ ባለፈው እንደነገርኩዎት ልጃችን የክፍል ኃላፊ..."

"አይደለሁም" አለ ያደሳ።

ድምፁ የሱ አልመሰለኝም። ጋሽ ኢብራር መቁጠሪያውን ጨበጠ።

"ደንበኛ ተቀባይ ነኝ። ደንበኛው ሲሰድበኝ እሺ እላለሁ፣ አለቃዬ ሲሰድበኝም እሺ እላለሁ። ኮንዶሚኒየሙም የጋሼ ነው። የምኖረው እናቴ ቤት ነው።"

እግሩን በጫማዬ ረገጥኩት። ጎንበስ ብሎ አየና "ሕልም ሆኖ እንዲህ ያማል እንዴ!" ብሎ ተደነቀ። ወደ አቶ ጌታሁን ዞረ። "ቤተ ክርስቲያን የምመጣው ናዝራዊት ስትዘምር ለማየት ነው። ስብከቱ ይረዝማል፤ የእርስዎ ጸሎት ደግሞ ከስብከቱ ይብሳል። እርስዎን ሳይ ታክሲ ጀርባ እደበቃለሁ። ግን ልጅዎን እወዳታለሁ። ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም እወዳታለሁ።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ከጓዳው በር ወዲያ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ተሰማ። ናዝራዊት እዚያ ነበረች።

በዚህ ጊዜ መብራት መጣ።

ቀን አይቶ የመጣ ነበር የሚመስለው። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ፍሪጁ እያጓራ ተነሳ፣ የጎረቤት ልጆች "መጣ! መጣ!" እያሉ ጮኹ። ያደሳ አምፖሉን አየ፣ ቱታውን አየ፣ እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። መሐላውንም ረስቶ፣ ሰው ቤት መሆኑንም ረስቶ፣ በሁለት ጣቱ አፍንጫውን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። አፉን ገጠመ። ትንፋሽ የለም። ጉንጩ ተነፋ፣ ዓይኑ ፈጠጠ።

"ቤቴ ይሸታል?" አሉ አቶ ጌታሁን።

ሽማግሌ የሚፈተነው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ወዲያው ብድግ አልኩ። "አቶ ጌታሁን፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ልጁ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ይዞታል፣ ሲቃዥ ነው ያደረው። አሁን የለፈለፈው ሁሉ የትኩሳቱ ነው፤ እውነቱ እኔ የነገርኩዎት ነው" አልኩ። ጋሽ ኢብራርም "ወላሂ" ሊል አፉን ከፍቶ ፈጣሪውን ፈርቶ ዘጋው። እንዲህ ያለ ማሳመር በሙያ ዘመኔ ሠርቼ አላውቅም። ያደሳ አንዲት "አዎ" ብቻ ቢል ሁሉም ነገር ባልተባለ ይቆጠር ነበር።

አቶ ጌታሁን እሱን ብቻ ነበር የሚያዩት። "አጎትህ ታሟል ይላሉ። የቱ ነው እውነቱ?"

ያደሳ አፍንጫውን ለቀቀና አየር ሳበ። ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው ያ እሺታ ፊቱ ላይ ሲመጣ አየሁት። አዎ ሊል ነው ብዬ እፎይ አልኩ። እሱ ግን የጓዳውን በር አየ። በሩ ገርበብ ብሏል።

"አልታመምኩም" አለ። "ቅድም የተናገርኩት ሕልም መስሎኝ ነው። አሁን ነቅቻለሁ። ያው ነው። የክፍል ኃላፊ አይደለሁም። ኮንዶሚኒየሙ የጋሼ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምመጣው እሷን ለማየት ነው። እፈራዎታለሁ፤ አሁንም እየፈራሁ ነው። እሷን ግን እወዳታለሁ።"

ቅድም እንደ ጀግና የተናገረውን አሁን እየፈራ ደገመው። እውነት ለመናገር ከቅድሙ ይልቅ ያሁኑ አስፈራኝ።

"አንድ ዘለልክ" አሉ አቶ ጌታሁን።

ያደሳ አንገቱን ደፋ።

"ጸሎቴስ?"

"...ይረዝማል" አለ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

ከጓዳው የሴት ሳቅ ተሰማ፤ ሳቅ ነው እንዳይባል ደግሞ መሐሉ ላይ ልቅሶ ነበረበት። አቶ ጌታሁን ከነቱታቸው ተነሱ። ሁላችንም ተነሳን። ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘረጉ። "ጌታ ሆይ፣ እነዚህን ልጆች ባርክ። አሜን" አሉ። አለቀ። ጋሽ ኢብራር ገና እጁን እየዘረጋ ነበር።

"ሠርጉ በቤተ ክርስቲያን ይሁን አይሁን እንነጋገርበታለን" አሉ ሲቀመጡ። ወደ እኔ ዞረው በትሕትና ጨመሩ። "በሠርጉ ላይ ግን አቶ ገሜዳ፣ እርስዎ ንግግር እንዳያደርጉ።"

ይህን ሲሉ ሳቁ። አቶ ጌታሁን፣ በቱታ፣ ሳቁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ቀና ብዬ ሳየው በግ ነው፤ ዘንበል ብዬ ሳየው አንበሳ ነው። ሌላው ሰው ያደሳን እየሳመ ስለነበር ያየኝ አልነበረም። ቀስ ብዬ አፍንጫዬን ያዝሁ።