ዳንቴል የለበሰው ስዊች

የኮምፒውተሮቹ ስክሪኖች ሁሉ በአንዴ ደርቀው ቀሩ፤ ቤቱም በአንድ ድምፅ አጉረመረመ።

"ኧረ ሙባ! ውጤቴን ልታሳየኝ ነው ወይስ ልትገድለኝ?" አለ አንዱ ተማሪ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣበት ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ስልኩ ላይ ኢንተርኔት ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር የቡታጅራ ተማሪ ሁሉ የሙባሪክን ኢንተርኔት ቤት አጨናንቆታል። ሙባሪክ ተጋፍቶ ወደ ጥግ ጠረጴዛው ደረሰና ስዊቹን ነካው። ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሮቹ የሚያከፋፍለው ያ ትንሽ ሳጥን ግሎ እጅ አያስነካም። እስከ ጎኖቹ የሚወርድ፣ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ የተሰፋበት ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ከጠዋት ጀምሮ ሊያነሳው ፈልጎ ነበር፤ ግን የዳንቴሉ ባለቤት፣ ሚስቱ ሩፋይዳ፣ ሰው ስለበዛ ልታግዘው መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች።

ስዊቹን የተከለለት ቴክኒሻን፣ ባዩ፣ ሲጠራ ሌላ ስዊች ይዞ በባጃጅ ከተፍ አለ። ዳንቴሉን በሁለት ጣቶቹ አነሳው።

"ይሄን ማነው ሙሽራ ያስመሰለው?"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

"ወንድሜ፣ ስተክልልህ ምን አልኩህ? ጎንና ጎኑ ይተንፍስ፣ ላዩ ላይ ምንም አይቀመጥ አላልኩም?"

"እኔ መች አለበስኩት!" አለ ሙባሪክ። የሁሉም ዓይን ከበደው። "እሷን ጠይቃት። አገሯ ቆሼ ቴሌቪዥኑም ራዲዮኑም ሲለብስ እያየች ነው ያደገችው።"

ሳቁ እጥፍ ሆነ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ሩፋይዳ ሻሿን አስተካከለች። "እንደሚጎዳው መች ነገርከኝ?" አለች ቀስ ብላ።

"ኧረ እሱማ ያውቃል!" አለ ከጥግ ያለው ደንበኛ፣ ነገር ያቀለለ መስሎት። "አንቺ ስትወጪ ያነሳዋል፤ ድምፅሽን ሲሰማ ሮጦ ያለብሰዋል። እኛም ሁሌ እንስቅበታለን።"

"ሁልጊዜ?" ሙባሪክን ጠየቀችው።

አንገቱን ደፋ። እሷም የሰበሰበችውን ዝርዝር ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ባዩ አዲሱን ስዊች የጎማ እግሮቹን ለጥፎ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። ገመዶቹን እንዳይረገጡ ከጠረጴዛው ጀርባ አሰራቸው፣ የመሬት መስመር ያለው ሶኬት ላይ ሰካው። መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ አሉ። ወዲያው አንዷ ተማሪ እልል ብላ ጓደኛዋን አቀፈች። ሙባሪክ ግን ሩፋይዳ ዳንቴሉን ያመጣችበትን ቀን ነበር የሚያየው። ስንት ምሽት ጎንበስ ብላ ሠርታው፣ "እዚህ ቤት ውስጥ የእኔም እጅ ይኑርበት ብዬ ነው" ብላው ነበር። ያኔ "እጅሽ ይባረክ፤ ይሄ ዕቃ ግን መልበስ አይወድም" ቢላት ምን ነበረበት? ስቃ ለቴሌቪዥኑ ታደርገው ነበር። ላለማስከፋት ብሎ የዋሻት ውሸት፣ በየቀኑ እየተደራረበ ሄዶ የመንደር መሳቂያ አደረጋት።

አመሻሹ ላይ ቤት ሲደርስ "አሰላሙ ዐለይኩም" አለ። ሰላምታውን መለሰችለት፤ ፊቷን ግን አልመለሰችም። ቆጮና ጎመን አቅርባ፣ "ብላ" አለችው።

አንዴ ጎረሰ። ጎመኑ ጨው ብቻ ሆኗል። እንደዚህ ሲሆን ሁልጊዜ "ማሻአላህ፣ ይጣፍጣል" ብሎ በውኃ ያወራርደው ነበር። ዛሬም ቃሉ አፉ ጫፍ ላይ ደረሰ። እንዲህ ባለ ቀን ደግሞ ነቀፋ እንዴት ይጨመርባታል?

የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

"ሩፋይዳ" አለ፣ "ጨው በዝቶበታል።"