የሩታ የሕይወት ታሪክ

በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ፣ አዲስ ከተማ በሚባል ሰፈር ሰው ሲሞት ከሬሳ ሳጥኑ ቀጥሎ የሚፈለጉት አቶ ኩማ ነበሩ። የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ናቸዋ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የእድሩን ሙታን ሁሉ “ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ” እያሉ ሸኝተዋል። በሕይወቱ ለጎረቤቱ ሰላምታ የነፈገ ሰው እንኳ ከሞተ በኋላ በእሳቸው እጅ እንግዳ ተቀባይ ይሆናል። ለቀስተኛውም እንባውን እየጠረገ “እጅዎ ይባረክ” ይላቸዋል።

ሚስታቸው ሩታ ግን አትሸወድም። የጉበት ካንሰሯ ከአቅም በላይ ሆኖ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ከመለሷት በኋላ፣ አንድ ቀን ትራስ ተደግፋ፣

“ኩማ፣ የእኔንም የምትጽፈው አንተው ነህ አይደል?” አለቻቸው።

“ምነው ሩታ! የምን ወሬ ነው?”

“ተው እንጂ፣ ልጆች አይደለንም። ከእነዚያ እንግዳ ተቀባዮችህ ጋር እንዳትደባልቀኝ። እኔን ጻፈኝ። ደግሞ ሳልሞት አንብብልኝ፤ ከሞትኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል? ሐይቅ ዳር፣ አንሶላ ሳጥብ የኖርኩበት ሆቴል ጀርባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ጸሐፊዎች አሉ። ሂድና ተማር።”

ሄዱ። ሰብሳቢዋ ኢየሩስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። አቶ ኩማ ስለ ሩታ የጻፉትን ሁለት ገጽ ደረታቸውን ነፍተው አነበቡና ጭብጨባ ጠበቁ።

“ጋሼ፣ እኔ ሴትዮዋን አላየኋቸውም” አለ ሙባረክ የሚባል ወጣት ፋርማሲስት።

የማኅበሩ ሕግ ጽሑፍ ሲተች ባለቤቱ ዝም ይበል ነው። አቶ ኩማ ግን ደማቸው ፈላ። “ሃያ ስድስት ዓመት ስጽፍ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም!”

“ባለጉዳዮቹ ሞተው ነዋ!” አለ ሙባረክ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። አቶ ኩማ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ ኢየሩስ፣ “ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ወይዘሮ ሩታ ምን መሆን ይፈልጉ ነበር?” አለቻቸው።

መልሰው ተቀመጡ። መልሱን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሩታ ነርስ መሆን ነበር የምትፈልገው። የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተፈተነች፤ ውጤቷም በአቶ ኩማ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሳጥን በኩል መጣ። አልፋለች። ትምህርቱ ሌላ ከተማ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የስምንት ወር ልጃቸው ቃልኪዳን አለች። አቶ ኩማ ደብዳቤውን መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈው የምዝገባው ቀን እስኪያልፍ ጠበቁና ቀደዱት። ሩታ ወደቅኩ ብላ ሁለት ቀን አለቀሰች፤ ከዚያ ሆቴል ልብስ አጣቢ ሆና ገባች። ልጆቿ የቤት ሥራ ሲያስቸግራቸው “ወደ አባታችሁ ሂዱ፤ የእኔ ጭንቅላት ለትምህርት አልተፈጠረም” ትላቸው ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አቶ ኩማ እየሰሙ!

በሦስተኛው ቅዳሜ ይህንኑ ጽፈው መጡ። መሐል ላይ ወረቀቱን ለሙባረክ አቀበሉት፤ እሱ አንብቦ ጨረሰላቸው። የሳቀ የለም፤ የረገማቸውም የለም። ለፓስተሩ እንኳ ደፍረው ያልተናዘዙት ነገር በእነዚህ በማያውቋቸው ሰዎች መሐል ወጣላቸው። ያን ቀን በእግራቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ትከሻቸው ቀሏቸው ነበር።

“ዛሬውኑ ያንብቡላቸው” ብላቸው ነበር ኢየሩስ።

“መጨረሻው ትንሽ ይቀረዋል።”

“ምንም አይቀረውም፣ ጋሼ።”

ወይ እኚህ ሰውዬ! ሬሳ ደጅ ላይ እየጠበቀ በግማሽ ሰዓት ሲጽፉ የኖሩ ሰው አሁን ቃል መራጭ ሆኑ። ሩታ በየቀኑ “አለቀ?” ትላለች፤ እሳቸው “እያቃናሁት ነው” ይላሉ። በአራተኛው ቅዳሜ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለውጠው ሲመጡ ኢየሩስ ተቆጣች።

“ጋሼ፣ ይሄ መጻፍ አይደለም። እየሸሹ ነው።”

አፍረው ወጡ። እሁድ ከቸርች መልስ ሊያነቡላት ቆርጠው ነበር፤ ጠያቂ ቤቱን ሞላውና ሰው ፊት አይሆንም ብለው ተዉት። ሰኞ ሩታ ራሷን ሳተች። ማክሰኞ ቃልኪዳን ለአፍታ ወደ ጓሮ ስትወጣ ጠብቀው በሩታ ጆሮ አነበቡላት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አንዲት ጣት አላንቀሳቀሰችም። ረቡዕ ዐረፈች።

በቀብሯ ላይ የእድሩ ዳኛ እንደ ልማዱ “አቶ ኩማ፣ የሕይወት ታሪኳን ያሰሙን” አለ። የማኅበሩ ሰዎች ከኋላ ቆመዋል። አቶ ኩማ ወረቀቱን አወጡና፣ “ሩታ ፈተናውን አልፋ ነበር” ብለው ጀመሩ። ስለ ፖስታ ሳጥኑ፣ ስለ መሳቢያው፣ ስለ ቀደዱት ደብዳቤ አንድም ሳያስቀሩ አነበቡ። ለቀስተኛው ማጉረምረም ጀመረ። “ኧረ በስመ አብ!” ያሉም ነበሩ።

ቃልኪዳን ሰውን እየገፋች መጥታ ፊታቸው ቆመች።

“አባዬ፣ ነግረሃታል? እማዬ ማለፏን ሰምታ ነው የሞተችው?”

“ነግሬያታለሁ” አሉ።

“መቼ?”

“ማክሰኞ።”

ማክሰኞ ዕለት ራሷን በሳተችው እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ከንፈሯን በውኃ በተነከረ ጥጥ ስታርስ የዋለችው ቃልኪዳን ነበረች።