የአምስተኛ ንግግር

«‹ያለ ፍርሃት በሩን ሁሉ አንኳኳለሁ› አለ እኮ! በዚህ ዕድሜው!» አለች አክስቲቱ፣ አፏ ውስጥ ያለውን ዳቦ ሳትውጥ። ፍርፋሪው ከጎኗ በተቀመጠችው በሁለተኛ ጉልበት ላይ አረፈ።

ሁለተኛ ፍርፋሪውን አላራገፈችም። ብትነካው የሚያስመልሳት መሰላት። የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው እንደደገመላት ጠፍቷታል። ፋርማሲስቱ ብሏታል። የጎረቤት ልብስ ሰፊ ብሏታል። አሁን ደግሞ አክስቷ፣ ያውም ከነምራቋ።

ሁለተኛ ስሟ አይደለም። አባቷ ቀለም ቀቢ ነው፤ ዘጠኝ ልጆች አሉት። «ከዘጠኝ ስም ውስጥ ትክክለኛውን እስክፈልግ ልጁ ያመልጠኛል» ብሎ ገና ድሮ በቁጥር መጥራት ጀመረ፤ ሠፈሩም ተቀበለው። የሞተው አምስተኛ ነው።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ በሦስቱም ክፍል ሰው ተደራርቧል። ከበሩ አጠገብ የወለቀው ጫማ በሙቀቱ ይሸታል። አንዱ የጠጣበት ብርጭቆ ሳይታጠብ ሻይ ተቀድቶበት ለሌላው ይሰጣል። መጪው ሁሉ ጉንጯን እየሳመ ያረጥባታል፤ እሷም በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ደጃፍ ላይ ራሷን ልትስት የነበረችው ሴት ወንበር እንዳገኘች የልጇን ሠርግ ወሬ ጀምራለች። እዬዬም ሲደላ ነው ይባላል፤ እዚህ ቤት የመጣው አልቃሽ ግን ከመጠን በላይ ሳይደላው አልቀረም።

«መልአክ ነበር» ትላለች አንዷ።

«ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም» ትላለች ሌላዋ።

ሁለተኛን አንገሸገሻት። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። አምስተኛ ግን አንገቱ አጭር ነበር፤ ካልሲው ይከረፋል፤ የሰው ድርሻ ዳቦ ይበላና ሲጠየቅ በዘጠነኛ ያላክካል፤ ሲዘፍን ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። ሁለተኛ የምትወደው ያንን ልጅ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚያለቅሱለትን ልጅ አታውቀውም።

ደግሞም ውሻ ይፈራ ነበር፣ ያውም ክፉኛ። ጎረቤት ጥርሱ ያለቀ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ ውሻ ነበር፤ አምስተኛ እሱን ላለማለፍ ብሎ ዳቦ ቤት ለመድረስ ሦስት መንገድ ይዞራል። ሃያ ዓመት ሞልቶት!

ያለፈው በጋ ቤቱ ሁሉ በእሱ ጉዞ ያበደበት በጋ ነበር። ማኅበራቸው በየዓመቱ ወጣቶች መርጦ ለሁለት ዓመት ተልዕኮ ሩቅ አገር ይልካል፤ ሥራቸው ከቤት ቤት እየዞሩ፣ በር እያንኳኩ ስለ እምነታቸው መናገር ነው። ልጁን የላከ ቤተሰብ አዳራሹ ውስጥ ከፊት ረድፍ ይቀመጣል። ቀለም ቀቢው ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠው ከኋላ፣ ከዓምዱ ሥር ነው። አንደኛ እግሩ ስለሚያነክስ አልተላከም፤ ከእሱ ቀጥሎ ሦስት ሴቶች መጡ፤ ማኅበሩ ደግሞ ሴት አይልክም። አምስተኛ ወንድ ሆኖ ሲወለድ ነገሩ ያኔውኑ አለቀ።

አባትየው ከደንበኞቹ ቤት የተረፈ ቀለም እየሰበሰበ ለሽኝቱ ቤቱን ቀባ፤ ሳሎኑ አንዱ ግድግዳ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የሐኪም ቤት የሚመስል ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። እናትየው የአንደኛን የሠርግ ሱፍ አሳጥራ ሰፋችለት። ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ በሙቀት ተዘርሮ ሳለ ልምምድ ይጀመራል። አምስተኛ ሱፉን ለብሶ ይወጣና የገዛ ቤቱን በር ያንኳኳል፤ ወንድሞቹና እህቶቹ ተራ በተራ ባለቤት እየሆኑ ይከፍቱለታል። ስድስተኛ ቁጡ ሽማግሌ ይሆናል፤ ሦስተኛ ጆሮዋ የማይሰማ አሮጊት። አንድ ቀን ዘጠነኛ ከበሩ ጀርባ ተንበርክኮ እንደ ውሻ ጮኸ። አምስተኛ በሱፉ አጥር ላይ ወጣ። ቤተሰቡ በሳቅ ፈረሰ። አባትየው እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ሁለተኛም ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አያስቅም!» ይል ነበር አምስተኛ፣ አጥሩ ላይ ሆኖ። ደጋግሞ ነው ያለው። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲላት አፏ ውስጥ ይመርራታል።

«ሱፉ እኮ ከነሻንጣው ተመልሷል» አለች አክስቲቱ፣ ጎኗ ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብላ። ማንሾካሾኳ መሆኑ ነው። «ለስድስተኛ ልክ የሚሆን ይመስለኛል። ትከሻው ላይ ትንሽ ማስፋት ነው።»

ሁለተኛ ብድግ ብላ ያገኘቻቸውን ብርጭቆዎች ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያች ሴት ጋር አንድ አየር መተንፈስ አስጠላት።

ስድስተኛ ተከትሏት ገባና በሩን ገርበብ አደረገው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከአባቱ ጋር ስለሚሠራ ከጥፍሩ ሥር ቀለም አይጠፋም።

«እትዬ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ አናግሮኛል» አለ። «ከአባባ ጋር ተስማምተዋል። የእሱን ቦታ እኔ እይዛለሁ። ነገ የመዝጊያው ጸሎት ላይ አምስተኛ ሲሸኝ ያደረገውን ንግግር አነብና ከራሴ ሁለት ቃል እጨምራለሁ።»

«አንተ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ? ከአምስት ቀጥሎ ስድስት ነው።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሁለቷን ቃል አንቺ ጻፊልኝ። ለእሱ እንደጻፍሽለት።»

ብርጭቆው ከእጇ አምልጦ ሳሙናው ውስጥ ገባ። «ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? አምስተኛ ‹ያለ ፍርሃት› ብሎ ሲናገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ቤታችን ውስጥ እንዲህ የሚጽፍ ሰው አንድ ነው ያለው።»

«ስማኝ። መሄድ ትፈልጋለህ?»

ስድስተኛ ጥፍሩን መፈልፈል ጀመረ። «አባባ እህል ከቀመሰ ሦስት ቀኑ ነው። ዛሬ ጠዋት እሄዳለሁ ስለው ሾርባውን ጨረሰ። እንዲህ እያየሁት አልሄድም ልበለው?»

መልሷንም አልጠበቀም፤ የታጠቡትን ብርጭቆዎች በትሪ ይዞ ወጣ።

ሁለተኛ የምትተዳደረው በጽሕፈት ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግታ፣ የጽሕፈት መኪናዋን ፊቷ አስቀምጣ ለሰው ማመልከቻ ትጽፋለች። ባለጉዳዩ ያለውን ሳይሆን ዳኛው መስማት የሚወደውን መጻፍ ታውቅበታለች፤ ስሟ የተጠራውም በዚሁ ነው።

አምስተኛ በሽኝቱ ሰሞን እዚያ የመጣባት ረፋድ ላይ ነበር፤ የደንበኛ በርጩማ ላይ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እሑድ አዳራሹ ፊት ንግግር አለብኝ።»

«ምን ብዬ ልጻፍልህ?»

«ውሻ እንደምፈራ ጻፊ።»

ሳቀች።

«የምሬን ነው። በአክብሮት አድርገሽ ጻፊው፤ አንቺ ታውቂበት የለ? ምናልባት እዚሁ ሌላ ሥራ ይሰጡኝ ይሆናል። ወረቀት ማጠፍ፣ ወንበር መደርደር። ወንበር መደርደር አልጠላም።»

«አባባን በሰው ሁሉ ፊት ልታዋርደው ነው?»

«እንግዲያው አንቺ እንዳልሽ» አላት በመጨረሻ።

አንድ ሻይ እስኪጠጣ ጻፈችለት። እሑድ ዕለት አዳራሹ ሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሁለተኛ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ የራሷን ቃላት ስትሰማ ደስ አላት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ከወንድሟ ይልቅ ለዓረፍተ ነገሩ ነበር ያጨበጨበችው። እንዲህ ያለች ሰው ናት፤ ይህንን ስታስብ የራሷ ገላ ይቀፋታል።

በሄደ በሰባተኛው ወር ሬሳው ከሐኪም ወረቀት ጋር መጣ። የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ አንባቢ እሷ ስለሆነች አባቷ ወረቀቱን ሰጣት፤ ቤተሰቡ ከበባት። ወረቀቱ «ግራ ባቱ ላይ በደረሰ፣ ባልታከመ የውሻ ንክሻ» ይላል። «ሕመምተኛው የመጣው ከተነከሰ ከአርባ ቀን በኋላ፣ ውሃ መዋጥ ተስኖት ነው።» እናቷ አፍ አፏን ታያታለች።

«በአጭር ሕመም» ብላ አነበበች።

ከአባቷ ጀርባ የቆመው ሰብሳቢ ራሱን ነቀነቀላት። ወረቀቱን ቀድሞ አይቶታል ማለት ነው። ሲወጣ ክንዷን ጨበጥ አድርጎ «ደግ አደረግሽ፣ ልጄ። እናትሽን አስበሽላታል» አላት። እጁ ለስላሳና እርጥብ ነበር። ክንዷን በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠበችው።

አርባ ቀን ሙሉ ለምን ለሰው አልተናገረም? ሁለተኛ መልሱን ታውቃለች። እንደዚያ ያለ ንግግር አድርጎ የተሸኘ ልጅ፣ ውሻ ነከሰኝ ብሎ ለማን ይናገራል?

ብርጭቆዎቹን አጥባ ስትጨርስ እርሳስና ወረቀት ፈለገች። ለስድስተኛ ምንም እንደማትጽፍ ለራሷ ልታረጋግጥ ነበር የተቀመጠችው፤ እጇ ግን የለመደውን ያውቃል። «ወንድሜ የጀመረውን መንገድ» ብሎ ጻፈ፤ «በእኔ ደካማነት ሳይሆን» ብሎ ቀጠለ፤ አራት መስመር ሳትቸገር ወጣ። ቆንጆ ነበር። አክስቷ በቃሏ ልታጠናው የምትችለው ዓይነት። ሁለተኛ እጇን ትኩር ብላ አየችው፣ ወረቀቱንም ቀድዳ እጣቢው ውስጥ ጨመረችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ጢም አለ። ሰብሳቢው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና ስለ መሥዋዕትነት ተናገረ። ድምፁ ማር ነው። «ወንድም ሲወድቅ ወንድም ይነሣል» ሲል ሰዎቹ አጉረመረሙ፣ አንዳንዱም አፍንጫውን ናፈጠ። አባትየው አንገቱን ቀና አድርጎ ተቀምጧል፤ ከሬሳው ወዲህ ቀና ሲል የመጀመሪያው ነው። ስድስተኛ ወረቀቱን ይዞ መሐል ቆመ። ሱፉን አልብሰውታል፤ ትከሻው ላይ ይዞታል።

«እኔ ታናሽ አገልጋያችሁ…» ብሎ ጀመረ።

ያቺን ሐረግ ሁለተኛ ለስንትና ስንት የአጥር ክርክር ጽፋታለች። ስድስተኛ ማንበቡን ቀጠለ። «ያለ ፍርሃት…» ሲል አክስቲቱ ቀድማው በከንፈሯ አለችው።

«ይብቃ!» አለች ሁለተኛ።

ሁሉም ዞሮ አያት።

«ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድም ቃል የእሱ አይደለም።»

«ውይ የኔ ልጅ! ሐዘኑ እኮ ናላዋን አዞረው» አለች አክስቲቱ። «ውሃ ስጧት፣ ውሃ!»

ከየወንበሩ ከንፈር ተመጠጠ። ያመናት ሰው የለም፤ ሊያምናት የፈለገም የለም።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አላት ሰብሳቢው። «ለእናትሽ ስትይ።»

«ለእናቴ ብዬ ዋሽቻለሁ፤ ከእንግዲህ አልችልም።» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አጭር ሕመም አይደለም። ውሻ ነው የነከሰው። አርባ ቀን ሙሉ ደብቆታል። ‹ውሻ እንደምፈራ ጻፊልኝ› ብሎ ለምኖኝ ነበር። ስቄበት ይኼን ጻፍኩለት። አሁን ደግሞ ይኼንኑ አስነብበው ስድስተኛን ሊወስዱት ነው።»

ከንፈር መምጠጡ ቆመ። አባትየው ቀስ ብሎ ወደ ሰብሳቢው ዞረ።

«ያውቁ ነበር?» አለው።

«እንግዲህ… ሐዘናችሁን ላለማክበድ…» አለ ሰብሳቢው።

የአባትየው አንገት ተመልሶ ደረቱ ላይ ወደቀ። እናትየው ግን ሦስቱን ቀን ድምፅዋ ሳይሰማ ከርማ አሁን ተናገረች።

«የቱ ጋ ነው?»

«ምኑ፣ እማዬ?»

«የነከሰው። የቱን ነው የነከሰው?»

«ግራ እግሩን» አለች ሁለተኛ። «ባቱን።»

እናትየው ነገሩን የተቀበለች መሰለች። «ስድስተኛ፣ ወረቀቱን ለሰውዬው ስጥና ና አጠገቤ ተቀመጥ» አለች። ስድስተኛ ወረቀቱን ሰጠ። ሰብሳቢው በአንድ እጁ ብርጭቆ፣ በአንድ እጁ ወረቀት እንደያዘ መቀመጫ ያጣ ሰው ሆኖ ቆመ። ስድስተኛ መጥቶ እናቱ ጎን ተቀመጠ።

ከዚያ እናትየው ጎንበስ አለች። የቀሚሷን ጫፍ ገለጥ አድርጋ የራሷን ግራ ባት በሁለት እጇ ያዘች፤ ደም እንደሚያቆም ሰው ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ሰዎቹ ጫማቸውን እየፈለጉ አንድ በአንድ ሲወጡ ቀና ብላ አላየችም፤ እጇንም አላነሣችም።