ምሳ በአሥር ሰዓት

ወይዘሮ ሠርከአዲስ ሰሞኑን እንቅልፍ የላቸውም። የልጅ ልጃቸው ኪሩቤል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው ደርሶበት ሳለ፣ በየቀኑ ምሳውን ጎራርሶ «ላጠና ነው» ብሎ ውልቅ ይላል። የሚሄደው ግን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ጎረምሶች ጫት ወደሚቅሙባት ክፍል ነው። እናቱ የለችም። አባቱ፣ የወይዘሮዋ ልጅ ደጀኔ፣ በሮቤና በጎባ መካከል ሚኒባስ ያመላልሳል፤ እሱም ቢሆን ምሳውን ጎባ በልቶ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ነው የሚነዳው። ታዲያ ማን ማንን ይቆጣል?

ጎረቤታቸውን ዙሀይራን አዋዩዋት።

«በሩን ልቆልፍበት ይሆን?»

«ወላሂ ሠርኬ፣ በመስኮት ይወጣልሻል! ደግሞ አጥግበሽ የምትልኪው አንቺው ራስሽ። በባዶ ሆዱ ማን ይቅማል?»

ነገሩ ከልባቸው አልወጣ አለ። በማግስቱ ኪሩቤል ሲመጣ ገበታው ባዶ ነው።

«እማማ፣ ምሳስ?»

«ምሳ በአሥር ሰዓት ነው። አባትህም ይመጣል፤ አብረን እንበላለን።»

«አሥር ሰዓት? መክሰስ ነው እንዴ!»

ለደጀኔም ደወሉለት። «ካልመጣህ እኔም አልበላም፤ ጨጓራዬን ታውቀዋለህ» አሉት። ልጁ ወደ በሩ ማማተር ሲጀምር ሽንኩርቱን ድስት ላይ ጣሉት፤ ቀስ አድርገው፣ ቤቱ እስኪታወድ አቁላሉት። ኪሩቤል ምራቁን ዋጠና ደብተሩን አውጥቶ ተቀመጠ። የእሳቸውም ሆድ ይጮኻል፤ ግን ቻሉት።

እንዲህ ሰነበቱ። ደጀኔ መጀመሪያ ተነጫነጨ፤ ኋላ ግን ተራውን ለጓደኛው እየለቀቀ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን እየበሉ ሳለ ኪሩቤል ሳቅ አለና፣

«እማማ፣ ስለዚያች ክፍል ሰምተዋል አይደል?» አለ።

እጃቸው ወጡ ላይ ቀረ። ቁጣው አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ደጀኔ ቀደማቸው።

«ሰምታለች። እኔም ሰምቻለሁ። ግን በምን አፌ ልቆጣህ?»

«አንተም ተወዋ፣ አባዬ!»

ደጀኔ ጥቂት አላመጠና፣ «እሺ» አለ። «እኔ መኪናዬ ውስጥ፣ አንተ እዚያ ክፍል። አብረን እንተው።»

ወይዘሮ ሠርከአዲስ ሁለቱንም አጎረሷቸው። ትልቅ ትልቁን።

በማግስቱ ኪሩቤል ብቻውን አልመጣም። ከዚያች ክፍል የማይጠፋውን ፊሮምሳን ይዞት ገባ።

«እማማ፣ አብሮኝ ሊያጠና ነው። እነሱ ቤት ምሳ ላይ ሰው የለም።»

«አካም ጂርቱ፣ እማማ» ሲል ፊሮምሳ አንገቱን ደፍቶ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቀ።

«ፈያ፣ ደህና ነኝ፣ ግባ ልጄ!» አሉት። ወዲያው አዲስ ጭንቀት ያዛቸው፤ ወጡ ይበቃ ይሆን? ጓዳ ገብተው ድስቱን ከፈቱና ውሃ ጠብ አደረጉበት።